ጉዞ ከመነሣት በፊት ካሜራን ስለ መመርመር

ሰው ሩቅ መንገድ ሊሄድ ሲያስብ ስንቁን ያሰናዳል፤ ልብሱን ያጥባል፤ ጫማውን ያስጠግናል፤ የሚሄድበትም አገር ደጋ ወይም ቆላ መሆኑን ጠይቆ ጋቢውን ይይዛል ወይም ይተዋል። በበቅሎ ይጓዙ የነበሩት አባቶቻችንም የበቅሎዋን ኮቴና የኮርቻዋን ጠፍር ሳይመለከቱ እግራቸውን ወደ እርካብ አያነሡም ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ብዙ ወጣት ተጓዦች በሻንጣቸው ከሚይዙት ዕቃ ሁሉ ይልቅ ዋጋው የከበደውን፥ ከጉዞውም በኋላ ምስክር ሆኖ የሚቀረውን ካሜራቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመረምሩ መንገድ ይጀምራሉ። በፎቶግራፉ ላይ አንድ እንግዳ ነቁጥ ወይም መስመር ቀደም ብሎ የታያቸው እንኳ፥ «ምን አልባት ይተወው ይሆናል» ብለው ያልፉታል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የጥምቀትን በዓል በጎንደር ለማየት የሄደ ሰው ያነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ ወይን ጠጅ መስመር ተጋድሞበት ቢያገኘው፥ በዓሉ ዳግመኛ እስኪመጣ ዓመት መጠበቁ ግድ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ የብራና መጻሕፍትን ሊያነሣ ወደ ገዳም የዘለቀ ተማሪ፥ የተፈቀደለት ቀን ካለፈ በኋላ ግማሹ ገጽ ግራጫ ሆኖ ቢያገኘው፥ የድካሙ ፍሬ ቀለጠ ማለት ነው። የአንድን ድልድይ ጉዳት በፎቶግራፍ አስደግፎ እንዲያመጣ የታዘዘ ወጣት ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ ከክረምቱ በፊት የነበረው ድልድይ ከክረምቱ በኋላ ላይገኝ ይችላልና። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይሆናል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ በፎቶግራፍ ላይ የታየ እንግዳ ነገር ሁሉ ምክንያት ያለው ነው፤ አብዛኛው ምክንያትም ከቤት ሳይወጡ በአንድ ቀን ምርመራ ሊታወቅ ይችላል። ይህንን ምርመራ ማድረግ የፎቶግራፍ አንሺዎች ብቻ ሥራ ሳይሆን፥ የተማረ ሰው ሁሉ ሊለምደው የሚገባ የአእምሮ ሥርዓት ነው።

እንከን በታየ ጊዜ ሦስት ዓይነት ሰው እናያለን። አንደኛው አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ወዲያው «ካሜራው ተበላሽቷል፥ የሸጠልኝ ሰው አታሎኛል» ብሎ የሚፈርድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው ነው፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ ካርዱን ለውጦ፥ ሌንሱን ነቅሎ፥ ባትሪውን ቀይሮ፥ በካሜራው ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ሁሉ ነካክቶ፥ እንከኑ ቢጠፋ በምን እንደ ጠፋ የማያውቅ፥ ቢመለስም ከየት እንደ ተመለሰ የማይገባው ነው። የመጀመሪያው ሰነፍ፥ ሁለተኛው ቁጡ፥ ሦስተኛው ችኩል ይባላል። ሦስቱም ግን በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ጥያቄ አልጠየቁም።

ካሜራው እንዴት ያያል?

ጥያቄ ለመጠየቅ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በሠራ ጊዜ፥ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፥ ከ10,000 ነጥቦች ብቻ የተገነባ ነበር። አንዱን ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ለመጻፍም 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ካሜራዎች 24 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ነጥቦች አሏቸው፤ ዘዴው ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። በፊልሙ ቦታ ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው እንደ ሰፌድ ስፌት በጥቃቅን ቤቶች የተከፋፈለ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ቤት የደረሰውን ብርሃን ለክቶ በቁጥር ያስታውቃል። ቤቶቹ ቀለም አይለዩም፤ ስለዚህ በላያቸው የቀለም ማጣሪያ ተደርቦባቸዋል። የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 ፓተንት ባገኘበት አደራደር መሠረት፥ ከአራት ቤቶች ሁለቱ አረንጓዴ፥ አንዱ ቀይ፥ አንዱም ሰማያዊ ማጣሪያ ይለብሳሉ። የጎደለውን ቀለም ካሜራው ከጎረቤት ቤቶች እየገመተ ይሞላዋል።

እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ እስኪወጣ ድረስ ብርሃኑ በሌንሱ ይገባል፤ በብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ይመጠናል፤ መዝጊያው ተከፍቶ ያሳልፈዋል፤ ሴንሰሩ ይለካዋል፤ የካሜራው የውስጥ ፕሮግራም ያሰላዋል፤ ካርዱ ይመዘግበዋል፤ በመጨረሻም መስተዋቱ ያሳየዋል። በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ መዝገብ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲተላለፍ ቆይቶ ገጽ ጎድሎ ቢገኝ፥ ብልህ ሰው መሥሪያ ቤቱን በሞላ አይከስም፤ ገጹ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ጎደለ ይጠይቃል እንጂ። የካሜራም እንከን እንዲሁ ነው።

አንድ አቤቱታ፥ ሦስት ምክንያት

እንከኖች ለዓይን ተመሳስለው በምክንያት እንደሚለያዩ ለማሳየት፥ በይፋ የታወቁ ሦስት ታሪኮችን እናቅርብ።

በ2005 ጥቅምት ወር ካኖን፥ ኒኮን፥ ፉጂፊልምና ሌሎችም ኩባንያዎች፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሸጧቸው አንዳንድ ካሜራዎች የተዛባ ምስል እንደሚሰጡ፥ ወይም ጨርሶ ምስል እንደማያሳዩ አስታወቁ። የተለያዩ ኩባንያዎች ካሜራዎች በአንድ ወራት መታመማቸው እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሴንሰሩን ለሁሉም የሠራው አንድ ኩባንያ ሶኒ ነበር። ሙቀትና እርጥበት በበዛበት ስፍራ በሴንሰሩ ማቀፊያ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ከተያያዘበት ይላቀቅ ነበር። መድኃኒቱም ሴንሰሩን መለወጥ ሆነ፤ ኩባንያዎቹም የዋስትናው ዘመን ያለፈበትን ካሜራ ሳይቀር በነፃ ጠገኑ።

በ2008 መጨረሻ ላይ ደግሞ ካኖን ያወጣው 5 ዲ ማርክ 2 የተባለው ካሜራ፥ በሌሊት በሚነሡ ፎቶግራፎች ላይ ከብሩህ መብራቶች አጠገብ ጥቁር ነጥብ ያሳይ ጀመር። በዚህ ጊዜ የተላቀቀ ሽቦ አልነበረም። ኩባንያው በ2009 ጥር ወር አዲስ የውስጥ ፕሮግራም አውጥቶ ባለ ካሜራዎች ሁሉ እንዲጭኑት አደረገ፤ ነጥቡም አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ ተቃለለ።

በ2012 መስከረም የወጣው የኒኮን ዲ 600 በበኩሉ፥ በሰማይና በነጭ ግድግዳ ላይ ደብዛዛ ነቁጦችን ያሳይ ነበር። ገዢዎች ሴንሰሩን ያጠሩታል፤ ነቁጡ ግን ተመልሶ ይመጣል። በ2014 ኩባንያው ካሜራዎቹን ያለ ክፍያ እንደሚያጠራና መዝጊያውን እንደሚለውጥ አስታወቀ።

ሦስቱም ባለ ካሜራዎች በሱቅ በር ቆመው ቢጠየቁ «ፎቶግራፌን አበላሸብኝ» ከማለት በቀር ሌላ አቤቱታ አልነበራቸውም። የአንዱ መድኃኒት አዲስ ሴንሰር፥ የሁለተኛው ፕሮግራም፥ የሦስተኛው መዝጊያ ሆነ። የሁለተኛው ሰው ሴንሰሩን ሲያጥብ ቢውል፥ ሦስተኛውም ፕሮግራም ሲጭን ቢያድር ምንም አይረባውም ነበር። አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው።

ምርመራው በሥርዓት ይሁን

እንግዲህ የምርመራው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። የተለወጠውንና የታየውን ደግሞ በማስታወሻ ደብተር መጻፍ ነው። ቅደም ተከተሉንም እንደሚከተለው እናስረዳለን።

በመጀመሪያ እንከኑ በፎቶግራፉ ላይ ነው ወይስ በካሜራው መስተዋት ላይ ነው? ፎቶግራፉን በኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ በሙሉ መጠኑ መመልከት ይበቃል። በዚያ ካልታየ የታመመው መስተዋቱ ብቻ ነው፤ ጉዞውም አይታጎልም። በዚያም ከታየ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፥ እንከኑ በፎቶግራፎቹ ሁሉ ላይ በአንድ ቦታ ይገኛል ወይስ ይዘዋወራል? ቦታውን የማይለቅ ነቁጥ ሁለት ዓይነት ነው። ደብዛዛና ጥቁር ሆኖ በሰማይ ላይ የሚታይ ከሆነ በሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ይህንን ለማረጋገጥ ነጭ ግድግዳን በኤፍ 22፥ ቀጥሎም በኤፍ 4 ማንሣት ነው። አቧራ ቀዳዳው ሲጠብ ጥላው ይጠራል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ይጠፋል። ሌንሱን ለውጦ ነቁጡ በቦታው ከቀረ አቧራው በሴንሰሩ ላይ ነው። ምስሉ በሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍም፥ በፎቶግራፉ ላይ ከላይ የታየው ነቁጥ በሴንሰሩ ላይ ከታች ይገኛል። ሲያጠሩትም በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ እንጂ በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ ምራቅ ከአቧራ የባሰ እድፍ ነውና።

ነቁጡ ስል፥ ትንሽ፥ ቀይ ወይም ሰማያዊ ወይም ነጭ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ግን አቧራ አይደለም። ከሴንሰሩ ቤቶች አንዱ ብርሃን ሳይደርሰው «ደረሰኝ» ብሎ የሚመሰክር ሐሰተኛ ምስክር ሆኗል ማለት ነው። ይህንን ለማወቅ የሌንሱን ክዳን ገጥሞ አንዴ በ1/60 ሴኮንድ፥ አንዴም በ30 ሴኮንድ ማንሣት ነው። መዝጊያው በቆየ ቁጥርና ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር እንዲህ ያሉ ነጥቦች ይበዛሉ፤ ሴንሰሩ በጨለማ የሚያመነጨው የሐሰት ምልክት ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህ በአዲስ አበባ ብርድ የጠራ ካሜራ፥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል ሌሊት ከዋክብትን ሲያነሣ ነጥብ ቢያወጣ ሊያስደንቅ አይገባም። በብዙ ካሜራዎች ውስጥ እንዲህ ያለውን ቤት ፈልጎ የሚሸፍን ትእዛዝ ስላለ፥ የመምሪያውን መጽሐፍ መመልከት ነው።

ሦስተኛ፥ እንከኑ ከብርሃኑ ጋር ይለዋወጣል? በቢሮ ወይም በአዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚታይ፥ በፀሐይ ብርሃን የሚጠፋ አግዳሚ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱ ሥራ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፥ ብዙ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅና ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፤ ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች በየረድፉ የሚያነበው ድምፅ አልባ መዝጊያ ግን ያየዋል። መዝጊያውን ወደ 1/50 ወይም 1/100 ሲመልሱት መስመሩ ከጠፋ ምርመራው አለቀ፤ ካሜራው ጤነኛ ነው። በቀጭን ሽመና ወይም በጥቃቅን ጥልፍ ላይ ብቻ የሚታይ ባለ ቀለም ሞገድም እንዲሁ በሽታ አይደለም። የልብሱ ድርና የሴንሰሩ ቤቶች በቅጥነት ሲቀራረቡ የሚፈጠር ነውና፥ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማለት ያስወግደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሌሊት በፍላሽ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ክብ ክብ ነጭ ብርሃን ሲታይ፥ «የመንፈስ ምልክት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ የማንንም እምነት አንነካም፤ ነገር ግን የፍላሹን ብርሃን በሌንሱ አጠገብ የሚበር አቧራ ወይም የካፊያ ጠብታ ሲመልሰው ይህንኑ የመሰለ ክብ እንደሚወጣ የታወቀ ነው። በዚያው ቦታ ያለ ፍላሽ አንድ ጊዜ ማንሣት ነገሩን ይለየዋል። መንፈስን ለካሜራ ምስክርነት ከመጥራት በፊት ፍላሹን ማጥፋት ይቀድማል።

አራተኛ፥ እንከኑ ከካርዱ ጋር ይሄዳል? የፎቶግራፉ የታችኛው ግማሽ ግራጫ ሆኖ፥ ወይም ከመሐል ተቆርጦ ወደ ጎን ተገፍቶ፥ ቀለሙም ተለውጦ ከተገኘ ጥርጣሬው በካርዱ ወይም በማንበቢያው ላይ ይወድቃል። የተጨመቀ ፎቶግራፍ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነውና፥ አንድ ቀለበት ሲበጠስ ከዚያ በኋላ ያለው ይዛባል። በመጀመሪያ በሌላ ማንበቢያ፥ ቀጥሎም በሌላ ካርድ መሞከር ነው። በተጠረጠረው ካርድ ላይ የሚፈለግ ፎቶግራፍ ካለ ሌላ እንዳይነሣበት፤ አዲሱ የቀድሞውን ሊሸፍነው ይችላልና። በገበያ ላይም መጠኑ በሐሰት የተጻፈበት ካርድ አለ፤ በላዩ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት በውስጡ ግን 8 ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ካርድ የመጀመሪያዎቹን ፎቶግራፎች በደኅና ይቀበልና የኋለኞቹን ያጠፋል። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ፎቶግራፍ አንሥቶ «ደኅና ነው» ማለት አይበቃም። ካርዱን በካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጎ፥ እስከ መጨረሻው ሞልቶ፥ የመጨረሻውንም ፎቶግራፍ ከፍቶ ማየት ይገባል።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ሌንሱ፥ ካርዱ፥ ብርሃኑ ተለዋውጦ እንከኑ ካልጠፋ፥ በተለይም ምስሉ በሞላ ወይን ጠጅ ከሆነ ወይም መስመር ከተጋደመበት፥ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው። ባለሙያውም ያልተመረመረ ካሜራ ከሚያመጣለት ሰው ይልቅ፥ ማስታወሻ ደብተር ይዞ «ይህን ለውጬ ይህን አየሁ» የሚለውን ሰው በደስታ ይቀበላል።

ለሚቃወሙን ሰዎች

አንዳንዶች «በዛሬ ጊዜ ስልክ እያለ ስለ ካሜራ ይህን ያህል መድከም ለምን?» ይሉን ይሆናል። ስልክም ሌንስ አለው፤ ሴንሰር አለው፤ ማከማቻ አለው፤ በሌንሱም ላይ የጣት ቅባት ከካሜራ ይልቅ ይበዛበታል። ስለ ካሜራ የተናገርነው አብዛኛው ለስልክም ያገለግላል። ሌሎች ደግሞ «እንከኑን በኋላ በኮምፒዩተር እናጠፋዋለን» ይላሉ። አንድ የአቧራ ነቁጥ በእርግጥ ይጠፋል፤ የጠፋ ግማሽ ገጽን ግን የሚመልስ የለም። ነቁጥን በቀለም መሸፈን ለቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ምንም አይደለም፤ ለጥናት የቀረበ ብራና ወይም ለመሥሪያ ቤት የቀረበ ማስረጃ ግን ከተነካካ ምስክርነቱ ይጎድላል።

ሌላው ተቃውሞ ጊዜ የለንም የሚለው ነው። እኛ ግን የምርመራው ጊዜ ከመነሻው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቅደም እንላለን። ሻንጣ በሚታሰርበት ሌሊት የተገኘ እንከን ኀዘን እንጂ መድኃኒት የለውም። ሁለት ሳምንት የቀደመ ሰው ግን ካርድ ይገዛል፤ ሌንስ ይዋሳል፤ ካሜራውን ለጥገና ይሰጣል፤ መለዋወጫው ከውጭ አገር የሚጠበቅ ቢሆንም እንኳ ሌላ ካሜራ ለመፈለግ ፋታ ያገኛል። በመንገድም ሳለ ማታ ማታ የቀኑን ፎቶግራፍ ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥና ማየት አይዘንጋ። ከቀዘቀዘ መኪና ውስጥ ወደ ጋምቤላ ወበቅ የሚወጣም ሰው ካሜራውን አየር በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ እስኪሞቅ ይታገሥ፤ ያለዚያ ሌንሱ ጤዛ ይለብሳል።

በመጨረሻም ይህ ነገር ከካሜራ የሚያልፍ መሆኑን ልንናገር እንወዳለን። የመሥሪያ ቤት ካሜራ ከንብረት ክፍል ተረክቦ በሄደ ወጣት እጅ እንከን ቢያሳይ፥ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ማን አበላሸው?» የሚል ነው። የሚቀድመው ጥያቄ ግን «ምን ሆነ?» የሚለው መሆን ነበረበት። ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ማን እንዳደረገው መፈለግ ንጹሑን ሰው ያስቀጣል፤ እንከኑንም በቦታው ይተወዋል። በአዳራሹ መብራት የመጣውን መስመር በሠራተኛው ላይ የሚጽፍ አለቃ፥ በካርድ ምክንያት የጠፋውን ፎቶግራፍ በተማሪው ስንፍና የሚቆጥር መምህር፥ ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋል።

የዛሬው ተማሪ ነገ መዝገብ ይመረምራል፤ የዛሬው ወጣት ሠራተኛ ነገ በሰው ላይ ይፈርዳል። በአንዲት ነቁጥ ፊት ታግሦ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ማየትን የለመደ ሰው፥ በሰው ጉዳይም ፊት ለፍርድ አይቸኩልም። እንግዲህ መንገድ ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ካሜራችሁን ዛሬ ከማኅደሩ አውጡት፤ ነጭ ግድግዳ ፈልጉ፤ ደብተራችሁንም አጠገባችሁ አኑሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።